ቁጥሮቹ የማይገጥሙት ኮልት ሽጉጥ፦ ምልክቶቹን በአንድነት ስለ ማንበብ

ከቴክሳስ የጻፉልኝ ጠያቂ የባለቤታቸው አባት ሲያርፉ በውርስ የደረሳቸውን አንድ ስድስት ጎራሽ የኮልት ሽጉጥ በጥሩ ዝርዝር ገልጸው አስተያየቴን ጠይቀዋል። በሽጉጡ አካል ግራ ጎን «ዩ.ኤስ.» የሚሉት ሁለት ፊደላት ተመትተዋል፤ ከአካሉ በታች ያለው መለያ ቁጥር በ47 ሺዎቹ ውስጥ ሲሆን፣ የምላጩ ከለላ በ107 ሺዎቹ፣ የእጀታው የጀርባ ብረት ደግሞ በ131 ሺዎቹ ውስጥ የሚውል ቁጥር ይዘዋል። አፈሙዙ አምስት ኢንች ተኩል ነው። እጀታው ከአንድ ወጥ የዋልነት እንጨት የተሠራ ሆኖ በአንድ ጎኑ የደበዘዙ ሦስት ፊደላት ይታዩበታል። አንድ የአካባቢያቸው ነጋዴ ሽጉጡን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህ ከልዩ ልዩ ሽጉጥ የተገጣጠመ ነው፤ ረጅም አፈሙዝ ገጥመን ቀለሙን ብናድሰው ግን የፈረሰኛ ሞዴል ይሆናል» ብሏቸዋል። የጠያቂው ጥያቄ ሽጉጡ ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን፣ የተሠራበትን ዘመንና የነጋዴውን ምክር መቀበል ይገባቸው እንደሆነ ነው።

የመጨረሻውን ላስቀድምና ምክሩን አይቀበሉ። የላኩት ዝርዝር በፎቶግራፍ እስኪረጋገጥ ድረስ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ባይቻልም፣ የገለጹት ሽጉጥ ሰብሳቢዎች የመድፈኛ ሞዴል ብለው የሚጠሩትን የጦር ሠራዊት ሽጉጥ በሁሉም ነጥብ ይመስላል። በዚህ ሞዴል የቁጥሮቹ አለመግጠም የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እንዲያውም ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ሆነው አፈሙዙ አምስት ኢንች ተኩል ቢሆን ኖሮ ይበልጥ እጠራጠር ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ሽጉጡ ያለፈበትን መንገድ ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የኮልት ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ከኋላ በኩል የሚጎርስ ሲሊንደር (ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል) መሥራት አልቻለም ነበር፤ ምክንያቱም እስከ ጫፉ የተበሳ ሲሊንደር የመሥራት መብት ሮሊን ኋይት በተባለ ፈጣሪ የባለቤትነት መብት በኩል በተቀናቃኙ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን እጅ ነበር። ይህ መብት በ1869 ካበቃ በኋላ የፋብሪካው መሐንዲስ ዊልያም ሜሰን የነደፈው ሽጉጥ በ1873 ለሠራዊቱ ቀረበ፤ መሥራቹ ሳሙኤል ኮልት ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ለእያንዳንዱ ተኩስ ቃታው (ጥይቱን የሚመታው መዶሻ) በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልተሳበ ምላጩ ብቻውን የማይሠራ በመሆኑ ይህ ዓይነቱ አሠራር ሲንግል አክሽን ይባላል፤ ሞዴሉም ሲንግል አክሽን አርሚ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። ሠራዊቱ በሐምሌ 1873 ለመጀመሪያ ጊዜ 8,000 አዘዘ፤ እስከ 1891 ድረስ በጠቅላላው ወደ 37,000 የሚጠጋ ገዛ። እነዚህ ሁሉ 45 ካሊበር (የቀዳዳው ስፋት 0.45 ኢንች ገደማ) የሚጎርሱ፣ አፈሙዛቸውም ሰባት ኢንች ተኩል የሆነ ነበሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የፈረሰኛ ሞዴል የሚሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ መንግሥት በረጅም አፈሙዝ ብቻ ከገዛ፣ አጭሩ ከወዴት መጣ? በ1892 ሠራዊቱ 38 ካሊበር የሆነና ምላጩን በመሳብ ብቻ የሚተኩስ አዲስ የኮልት ሽጉጥ ተቀብሎ አሮጌዎቹን 45 ካሊበሮች ወደ መጋዘን መለሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን የተመለሱት ሽጉጦች አፈሙዛቸው ወደ አምስት ኢንች ተኩል እያጠረ ለቀላል መድፈኛ ክፍሎች እንዲታደሉ ተወሰነ፤ ሥራው ከ1895 እስከ 1903 ባለው ጊዜ ውስጥ ከፊሉ በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ የሚበዛው ደግሞ በራሱ በኮልት ፋብሪካ ተከናወነ። ከ1899 ጀምሮ በፊሊፒንስ በተካሄደው ጦርነት 38 ካሊበሩ ጥይት የሚመጣን ተዋጊ ባለበት ለማስቆም አቅም እንዳነሰው ሲታይ ደግሞ የታደሱት 45 ካሊበሮች እንደገና ተፈላጊ ሆኑ። ስለዚህ ይህ አጭር ሽጉጥ ከስሙ ውጭ ለመድፈኛ ብቻ አልተሰጠም፤ እግረኛውም ፈረሰኛውም ታጥቆታል።

ቁጥሮቹ የተደባለቁት በዚህ እድሳት ጊዜ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ሽጉጡን ሲሠራ በአካሉ ሆድ ከምላጩ ከለላ ፊት ለፊት፣ በራሱ በምላጩ ከለላ ላይ እና በእጀታው ብረት ታች አንድ ዓይነት ሙሉ ቁጥር መትቶ ነበር፤ በሠራዊቱ ሽጉጦች ላይ ደግሞ ሲሊንደሩም፣ ከቀለህ ማስወጫው ቤት ሥር የተደበቀው የአፈሙዙ ክፍልም ይኸው ቁጥር ነበራቸው። ለእድሳት የመጡት ሽጉጦች በብዛት ሲፈቱ ግን ክፍሎቹ በየዓይነታቸው ተከማችተው ተጸዱ፣ ተጠገኑ፣ ተቀቡ፤ እንደገና ሲገጣጠሙ እጅ የገባው ክፍል እጅ ከገባው አካል ጋር ተገጠመ። ለሠራዊቱ ዋናው ነገር ሽጉጡ ያለ እንከን መሥራቱ ነበር፤ የቁጥሮቹ አንድነት ከመቶ ዓመት በኋላ ሰብሳቢዎችን እንደሚያስጨንቅ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። በመሆኑም በእርስዎ ሽጉጥ ላይ በ1878 የተሠራ አካል፣ በ1884 የተሠራ የምላጭ ከለላና በ1890 የተሠራ የእጀታ ጀርባ በአንድነት መገኘታቸው የመድፈኛ ሞዴል የተለመደ መልክ ነው። የተሠራበት ዘመን ሲጠየቅ የሚቆጠረው የአካሉ ቁጥር ስለሆነ፣ ሽጉጥዎ የ1878 ሽጉጥ ነው።

ነገር ግን የተደባለቀ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ማንም ሰው ከልዩ ልዩ ፍርስራሽ አንድ ሽጉጥ ሊገጣጥም ይችላልና። ልዩነቱ የሚታወቀው እያንዳንዱ ክፍል የመንግሥት ምልክት ያለው መሆኑን፣ ምልክቱም ከክፍሉ ቁጥር ጋር የሚስማማ መሆኑን በማየት ነው። መንግሥት በፋብሪካው ውስጥ የራሱን መርማሪዎች ያስቀምጥ ነበር፤ መርማሪው ያሳለፈውን ክፍል በስሙ መነሻ ፊደል ወይም ፊደላት ይመታዋል፤ አፈሙዙና ሲሊንደሩ ደግሞ በኃይለኛ ጥይት ተፈትነው ማለፋቸውን የሚያሳይ «ፒ» የሚል ፊደል ይቀበላሉ። በመጀመሪያዎቹ የ1873 እና የ1874 ሽጉጦች ላይ የሠራው መርማሪ ኦርቪል ኤይንስወርዝ ሲሆን በክፍሎቹ ላይ ያለው ምልክቱ «ኤ» የምትለዋ አንዲት ፊደል ናት። ሄንሪ ኔትልተን በ1878 የሠራው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ምልክቱ «ኤች ኤን» በቁጥር ከ47 ሺህ እስከ 50 ሺህ አካባቢ ባሉት ሽጉጦች ላይ ይገኛል፤ ጥቂት ስለሆኑም ከኤይንስወርዝ ቀጥሎ እጅግ የሚፈለጉት የእሱ ናቸው። ዴቪድ ክላርክ ከ1880 እስከ 1887 ሠርቷል፤ «ዲ ኤፍ ሲ» የሚለው ምልክቱም ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው። ሪናልዶ ካር በ1890 እና በ1891 የመጨረሻዎቹን ግዢዎች መረመረ፤ በኋላም በእድሳቱ ጊዜ የታደሱትን ሽጉጦች አሳለፈ።

ይህን ይዘው ወደ ሽጉጥዎ ይመለሱ። አካሉ በ47 ሺዎቹ ውስጥ ከሆነ ከቁጥሩ አጠገብ የኔትልተንን ፊደላት ይፈልጉ፤ በ107 ሺዎቹ ባለው የምላጭ ከለላ ላይ የክላርክን፣ በ131 ሺዎቹ ባለው የእጀታ ብረት ላይ የካርን ምልክት ይጠብቁ። በእንጨቱ ላይ የደበዘዙት ሦስት ፊደላት «አር ኤ ሲ» ሆነው ከተነበቡ በእድሳቱ ጊዜ የተመታ የካር ማህተም መሆናቸው ነው፤ ከመድፈኛ ሞዴል ምልክቶችም ይበልጥ የሚያስደስተኝ ይኸው ነው፣ ምክንያቱም እንጨት ሲታጠብና ሲቦረሽ ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ነውና እስከ ዛሬ መቆየቱ ሽጉጡ ብዙ እንዳልተነካ ያሳያል። ፊደላቱን ለማንበብ ምንም ዓይነት ኬሚካል ወይም ብሩሽ አይጠቀሙ፤ ክፍሉን አጨልመው ከጎን በኩል ዝቅ ያለ ብርሃን ያብሩበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል።

ከምልክቶቹ ቀጥሎ የሚመረመረው አፈሙዙ ነው። በመጀመሪያ ርዝመቱን ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሲሊንደሩ ፊት ድረስ ይለኩ፤ ቀለህ ማስወጫውን ወይም አካሉን አብሮ መለካት የተለመደ ስህተት ነው። ከዚያ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የኮልት ፋብሪካ አድራሻ ይመልከቱ። አድራሻው የተመታው አፈሙዙ ገና ሰባት ኢንች ተኩል ሳለ መካከሉን ይዞ ስለነበር፣ ሁለት ኢንች ከፊት ሲቆረጥ ጽሑፉ ከመካከል ወጥቶ ወደ ጫፉ ቀርቦ ይታያል። ለሲቪል ገበያ ከመጀመሪያው በአምስት ኢንች ተኩል የተሠራ አፈሙዝ ግን አድራሻውን በመካከሉ ይዟል። ይህ ልዩነት በአንድ እይታ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ብዙ ገዢዎች ሳያዩት ያልፋሉ። የፊት ማነጣጠሪያውም ከተቆረጠው ክፍል ተነቅሎ እንደገና የተተከለ ስለሆነ ሥሩን በማጉያ መስታወት ማየት ይገባል፤ የእድሳቱ ሥራ ንጹሕ ነው፣ የመንደር ብየዳ ግን ራሱን ያጋልጣል።

አካሉ ራሱ ዘመኑን የሚናገርባቸው ሌሎች ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሲሊንደሩ የሚዞርበት ዘንግ የሚያዝበት መንገድ ነው። በቀደሙት ሽጉጦች ላይ ዘንጉን የሚይዘው ከአካሉ ፊት በኩል የሚገባ ብሎን ነው፤ ከ1892 ገደማ ጀምሮ ግን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ፣ በጣት የሚገፋ ባለ ስፕሪንግ መያዣ መምጣት ጀመረ፤ በ1896 አካባቢም ሙሉ በሙሉ ተተካ። የ47 ሺህ ቁጥር ያለው አካል ያለ ጥርጥር ባለ ብሎን መሆን አለበት። ሁለተኛው በግራ ጎን ያለው የፈጠራ ባለቤትነት ቀን ነው። በቀደሙት ላይ የመስከረም 19 ቀን 1871 እና የሐምሌ 2 ቀን 1872 ቀኖች ብቻ በሁለት መስመር ተጽፈዋል፤ በኋላ የጥር 19 ቀን 1875 ተጨምሮ ሦስት መስመር ሆነ፤ በ1890 አካባቢ ደግሞ ሦስቱ ቀኖች በሁለት መስመር ተጣብበው አጠገባቸው በኋላ እግሩ የቆመው የውርንጭላ ምስል ገባ። የእርስዎ ሦስት መስመር ሊሆን ይገባዋል። በ47 ሺህ ቁጥር ላይ ውርንጭላ ካዩ ወይ ቁጥሩ ወይ አካሉ ተነክቷል ማለት ነው፤ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ የለውም። የቀለህ ማስወጫው ዘንግ ጫፍ ክብ ወይም ግማሽ ጨረቃ መሆኑ ግን በተለየ ሽጉጥ ላይ ዘመን ለመገመት ቢጠቅምም፣ ቁጥር የሌለውና በእድሳት ጊዜ በቀላሉ የሚለዋወጥ ክፍል በመሆኑ እዚህ ላይ ክብደት አይሰጠውም።

ለሲቪል ገበያ የወጡት ዓይነቶች ከጥያቄው ጋር የሚገናኙት ለማነጻጸር ብቻ ስለሆነ ጠቅለል አድርጌ አልፋቸዋለሁ። ሲቪሎቹ ከሠላሳ በሚበልጡ ካሊበሮች ተሠርተዋል፤ 44-40 ካሊበር የሆኑት «ኮልት ፍሮንቲየር ሲክስ ሹተር» የሚል ጽሑፍ በአፈሙዛቸው ግራ ጎን ይዘዋል፣ በቀደሙት ላይ በአሲድ የተቀረጸ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግን በብረት ማህተም የተመታ ሆኖ። ከ1882 ጀምሮ ንስር ያለበት ጠንካራ የጎማ እጀታ መጣ። ከ1894 ጀምሮ የተሸጠው የቢዝሊ ሞዴል በእንግሊዝ አገር ባለ የዒላማ ተኩስ ሜዳ ስም የተሰየመ ሲሆን እጀታው ጎበጥ ያለ ነው፤ መለያ ቁጥሩ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ተከታታይ ስለሆነ ቁጥር ብቻ አይቶ ዓይነቱን መለየት አይቻልም። ከ1904 እና ከ1905 ጀምሮ በምላጩ ከለላ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያሉ «ቪ ፒ» ፊደላት ይታያሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ምርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በ357 ሺዎቹ ላይ ቆመ፤ በ1956 ሥራው ሲቀጥል ቁጥሩ ከ1 ተጀምሮ «ኤስ ኤ» የሚሉ ፊደላት በኋላው ተጨመሩ፤ ሦስተኛው ትውልድ በ1976 ከ80,000 ጀመረ። በጣሊያን የሚሠሩት ግልባጮች ደግሞ በአካላቸው ላይ የጣሊያን የፍተሻ ማህተምና በትንሽ ሣጥን ውስጥ የምርት ዓመቱን የሚያመለክቱ ፊደላት ይኖራቸዋል። በእርስዎ ሽጉጥ ላይ ከእነዚህ አንዱም ሊገኝ አይገባም።

አሁን ወደ ነጋዴው ሐሳብ ልመለስ፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ከዝገት ይልቅ በእንዲህ ያለ «ማስተካከል» ነው። የፈረሰኛ ሞዴል ከመድፈኛው እጅግ የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ የመድፈኛ ሽጉጦች ረጅም አፈሙዝ ተገጥሞላቸው፣ የክፍሎቹ ቁጥር ተፍቆ ከአካሉ ጋር እንዲገጥም እንደገና ተመትቶ፣ እንጨታቸው በአዲስ ተተክቶ ለገበያ ቀርበዋል። የጄኔራል ካስተር ሰባተኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር በ1876 በሊትል ቢግሆርን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋር ባደረገው ውጊያ ሲሸነፍ ወታደሮቹ የታጠቁት በኤይንስወርዝ የተመረመሩ ሽጉጦች በመሆናቸው፣ የ«ኤ» ምልክት ያላቸው ክፍሎች በተለይ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይፈለጋሉ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ባለሙያ እጅ ሲገባ የተፋቀው ብረት ጎድጎድ ብሎ፣ አዲሱ ቁጥር ጠርዙ ስል ሆኖ ይታያል፤ የፈረሰኛም የመድፈኛም ዋጋ አያወጣም። የተሠራበትን ታሪክ የያዘው ሽጉጥ ግን የእርስዎን ዓይነቱ ነው፦ በአንድ እቃ ላይ የሦስት መርማሪዎች እጅና የሠራዊቱ የእድሳት ሥራ ይነበባል። ይህን ሁሉ አጥፍቶ ያልነበረን ሽጉጥ መሥራት በእኔ እምነት ታሪክን ማውደም ነው፤ እንደ ፈረሰኛ ሞዴል ከተሸጠም ገዢውን ማታለል ነው።

የቀለሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ብረቱ ላይ ያለው ቡናማ ገጽታ በመቶ ዓመት የተፈጠረ ስለሆነ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ቀይ የሚያቆሽሽ ንቁ ዝገት ካለ ቀላል የመሣሪያ ዘይት ቀብቶ ጥቂት ቀን ማቆየትና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ የአሸዋ ወረቀትም፣ የብረት ማጽጃ ቅባትም አያቅርቡበት። ብሎኖቹን ልክ ባልሆነ መፍቻ መፍታት ራሳቸውን ስለሚበላ፣ ከቀለህ ማስወጫው ሥር ያለውን የአፈሙዝ ቁጥር ለማየት ሲፈለግ ሥራውን ለሚያውቅ የጥንት መሣሪያ ጠጋኝ መስጠት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ሽጉጡ ጥይት አለመያዙን ያረጋግጡ፤ ከመኝታ ቤት መሳቢያ የወጣ የውርስ ሽጉጥ ውስጥ ጥይት መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሊተኩሱበትም አያስቡ፦ ኮልት ሽጉጦቹ ለጭስ አልባ ባሩድ እንደሚሆኑ ዋስትና የሰጠው ከ1900 ጀምሮ ሲሆን፣ የ1878 አካልና ሲሊንደር የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው።

በሕግ በኩል የአሜሪካ የ1968 የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን መሣሪያ ጥንታዊ ብሎ ለይቶ ያየዋል፤ የሚታየው የአካሉ ዘመን ስለሆነ የእርስዎ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል። የግዛቶች ሕግ ግን ከዚህ ሊለይ ስለሚችል፣ ሽጉጡን ወደ ሌላ ግዛት ከመውሰድዎ ወይም ከመሸጥዎ በፊት የሚመለከተውን ሕግ ይጠይቁ፤ ከአሜሪካ ውጭ ወዳለ አገር ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው።

ለሰነድ ሁለት ቦታ መጠየቅ ይችላሉ። የኮልት ኩባንያ የመዛግብት ክፍል በአካሉ ቁጥር መሠረት ሽጉጡ መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተመዘገበውን የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይሰጣል። በዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ካሉት የሠራዊቱ የጦር መሣሪያ ሰነዶች ላይ ተመራማሪዎች የሰበሰቧቸው የመለያ ቁጥሮችም አሉ፤ የአካልዎ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ሽጉጡ የነበረበትን ክፍለ ጦር ስም እስከ ማወቅ ሊደርሱ ይችላሉ። ደብዳቤው ሲመጣ አፈሙዙ ሰባት ኢንች ተኩል፣ ተቀባዩም የአሜሪካ መንግሥት እንደሆነ ቢገልጽ አይደንግጡ፤ ሽጉጡ በ1878 ከፋብሪካ የወጣው እንዲያ ሆኖ ነው። ለእኔ ደግሞ የአካሉን ግራ ጎን፣ ሦስቱን ቁጥሮች፣ የአፈሙዙን ጀርባ ሙሉ ርዝመትና የእንጨቱን ሁለት ጎኖች በጎን ብርሃን አንስተው ቢልኩልኝ፣ የመርማሪዎቹን ፊደላት አንድ በአንድ ለማረጋገጥ ዝግጁ ነኝ።